የሶረቲ ቆርኪ

የጭነት መኪናው ሸራ የለበሰ ነገር ይዞ በመጋዘኑ በር ሲገባ አዜብ ሬሳ የጫነ መሰላት። የእሷ ነገር እንዲህ ነው። ስልክ ከጮኸ ሰው ሞቷል፤ በር ከተንኳኳ ቤት ልቀቂ ሊሏት ነው፤ ልጇ ናዝራዊት ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ባጃጅ ገጭቷታል። ባሏ ሠርፀ ከአኖ ከተማ ማዶ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ጀምሮ ክፉ ነገር ሳይጠሩት እንደሚመጣ አውቃለችና፣ ቀድማ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ብዙ ጊዜ ሳይመጣ ይቀራል። ያን ቀን ግን አልተሳሳተችም።

ሸራው ሲገፈፍ ቁም ሣጥን የምታክል ነጭ ማሽን ወጣች። ከአዲስ አበባ አብሯት የመጣው መካኒክ ከላይ አንድ ባልዲ ቡና ደፋባት። ማሽኗ በውስጧ ብርሃን አብርታ ፍሬውን አንድ በአንድ አየችና ጥቁሩንና ነቀዝ የበላውን በነፋስ እየመታች በአንድ በኩል ተፋችው። ንጹሑ በሌላ በኩል እንደ ውሃ ወረደ። መካኒኩ ሲጋራውን ሳይጨርስ ባልዲው አለቀ። ያንን አንድ ባልዲ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው እስከ ምሳ ሰዓት ይለቅሙት ነበር።

ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ያዩ ነበር።

«አዴ አዜብ፣» አለች ሶረቲ ከጠረጴዛው ማዶ፣ እንደ ልማዷ እንደ እናት እየጠራቻት። «ይቺ ማሽን ታረግዛለች?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ካረገዘች ለኔ ጓደኛ አገኘሁ። ካላረገዘች ግን ጉዳችን ፈላ ማለት ነው።»

«አታረግዝም፣» አለች ድርቤ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «አትታመምም፣ ሽንት ቤት አትሄድም፣ ለቅሶ ቤት አትቀመጥም። ሞረዳ እሷን ያገባታል፤ እንደ ልቡ የምትሆንለት ሴት አገኘ።»

ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። ካቦው ሞረዳ ከሚዛኑ አጠገብ ዞር ብሎ «ሥራ! ሥራ! ሳቅ በኪሎ አይሸጥም!» አለ። አዜብ አልሳቀችም። የሶረቲን ሆድ አየች፤ ሰባት ወር ሳይሆነው አይቀርም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረች።

አዜብና ሶረቲ ፊት ለፊት መልቀም ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የአዜብ ዓይን ከጊዜ ወዲህ ደክሟል፤ ከሰዓት በኋላ ጥቁሩ ፍሬ ከቀይ ቡናማው ይደባለቅባታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሶረቲ ብቻ ናት። ምንም ሳትናገር፣ እንደ ቀልድ እጇን ዘርጋ አድርጋ ከአዜብ ክምር ውስጥ ያመለጠውን ጥቁር ታወጣላታለች። አዜብም በፈንታዋ፣ ሶረቲ ካረገዘች ወዲህ፣ የሁለቱንም ቡና ወደ ሚዛን የምትሸከመው እሷ ናት። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ማታ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለችው የኪራይ ቤቷ ናዝራዊት የዩኒፎርሟን ሹራብ ሳታወልቅ ስልኳን እያየች ጠበቀቻት። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«ማሽን መጣ አሉ።»

«መጣ።»

«ከሥራ ትወጫለሽ ማለት ነው?»

«ማን አለ? አንቺ ትምህርትሽን ያዢ። ፈተና ደርሷል።»

«ኬኔ ፓስፖርቷን ለደላላው ሰጠች፣» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ። ኬኔ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከናዝራዊት ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። «አንቺ ከወጣሽ እኔም እሄዳለሁ። ከአሁኑ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ዝም በይ!»

«ምን ልንበላ ነው ታዲያ? ንገሪኛ።»

 ከኡኬ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው ልጅ በአዜብ ዓይን መጣች፤ ከሄደች በዓመቱ በሣጥን ተመልሳ መንደሩ ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ የተቀበላት። አዜብም ለቅሶ ሄዳ ነበር። እናትየዋ አላለቀሰችም፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ደጋግማ ታነብ ነበር፣ ምናልባት የሌላ ሰው ይሆናል ብላ። አዜብ ያን ጊዜ ያቺን ሴት ስታይ አንድ ቀን የሚሆነውን የራሷን ፊት ያየች መስሏት ነበር። እንግዲህ ከሥራ መውጣት ማለት ለእሷ ይህ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ቅዳሜ ዕለት ስብሰባ ተጠራ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አቶ ሀብተጊዮርጊስ የሚባሉ ምክትል ሥራ አስኪያጅ መጡ። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ቡና ያልነካው ጫማቸው ያብረቀርቃል። ኦሮምኛ ስለማይሰሙ ሞረዳ እንዲያስተረጉም አጠገባቸው ቆመ።

«እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣» አሉ። «ይህ ቅነሳ አይደለም። የአደረጃጀት ለውጥ ነው። ከአርባችሁ ሃያችሁ ከኛ ጋር ትቀጥላላችሁ። ጥያቄ ካለ በነፃነት።»

ድርቤ ተነሥታ በኦሮምኛ ጀመረች፤ እጇን እያወናጨፈች ብዙ ተናገረች። ስትቀመጥ ሞረዳ ጉሮሮውን ጠረገና «አብረን ብዙ ዘመን ሠርተናል፣ ታስቦበታል ወይ፣ ነው የምትለው» አለ።

«ጥያቄው ተገቢ ነው። ተመዝግቧል፣» አሉ ሰውየው።

ሴቶቹ ጉምጉም አሉ። አዜብ ሳታስበው ተነሣች። ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ነቀምቴ ተወልዳ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ትናገራለች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እንደዚያ አላለችም፣» አለች። «ያለችው፣ ሳንባችን በቡና አቧራ ከታሸገ በኋላ የት ሂዱ ትሉናላችሁ ነው። ማሽኗን ስትገዙ እኛን ለምን አልጠየቃችሁም ነው። የሚቀሩትን የሚመርጠው ሞረዳ ከሆነ የአክስቱ ልጅና የአክስቱ ልጅ ጓደኛ ብቻ ይቀራሉ ነው ያለችው።»

«ኢያ! እንደሱ ነው ያልኩት!» አለች ድርቤ በአማርኛ። «ሞረዳ ምላሱ አጭር ነው፣ ለራሱ ሲሆን ነው የሚረዝም።»

ሞረዳ ጆሮው ድረስ ቀላ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን ፊታቸው አልተለወጠም። «ይህም ተመዝግቧል» አሉ። ሌላዋ የሕክምናውን ነገር ጠየቀች፤ ተመዘገበ። ሌላዋ ማሽኗ ስትበላሽ ትጠሩን ይሆን ወይ አለች፤ እሱም ተመዘገበ። አዜብ የሰውየውን እጅ አየች። እስክሪብቶው ከነክዳኑ ነበር።

«መራጩ ማን ነው?» አለች አሁንም ቆማ። «ይቺን ብቻ መልሱልን።»

«እንግዲህ የሚያውቃችሁ የቅርብ አለቃችሁ…»

ከዚያ በኋላ ያሉት አልተሰማም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮህ ነበር። አዜብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ፈራች፤ ሞረዳ ወደ እቁባቸው ልግባና መጀመሪያ ይድረሰኝ ሲል እምቢ ያለችው እሷ ናትና ዓይኗን ማየት አይወድም። ከሚያስቀራቸው አንድ ሰው ቢጎድል እንኳ ማሽኗን ሁለቴ ይቆጥራል እንጂ እሷን አይጨምርም። ናዝራዊት፣ ፓስፖርት፣ ሣጥን፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ በልቧ አለፈ።

«እኛ መሀል ጠብ የማያውቅ ነገር አንድ ነው፣» አለች። «እጣችን ነው። ካቦውም እጁን ያንሳ፣ መሥሪያ ቤቱም። በእቁባችን ጣሳ እጣ ይውጣ። ለማን እንደሚደርስ እግዜር ያውቃል።»

 ከዚህም ከዚያም «ኢያ»፣ «እውነቷን ነው»፣ «ይሻላል» ተባለ። የእቁቡ ዳኛ አዜብ ናት። አንዳንዶቹ ማንበብ ስለማይችሉ በስም ወረቀት ፈንታ ለእያንዳንዷ አንድ የለስላሳ ቆርኪ አለ፤ ባለቤቷ የወደደችውን ምልክት በምስማር ውስጡ ጭራበታለች። ቆርኪዎቹ በዱቄት ወተት ጣሳ ይቀመጣሉ። ዳኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታወጣለች፤ የወጣላት እልል ይባልላታል። ይህ ሁሉ ዓመት ሲኬድ አንዲት ሴት አጉረምርማ አታውቅም።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ስልካቸውን ይዘው ወጡ። በመስኮቱ ሲመላለሱ ይታዩ ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«እናቶቼ፣ አኮራችሁኝ» አሉ። «ኩባንያው ጥያቄያችሁን ተቀብሏል። ይህ የእናንተ የራሳችሁ ውሳኔ ነው፤ እኛ እጃችን የለበትም። ይህንኑ በቃለ ጉባኤ እንያዘው።»

ሁሉም ፈረሙ፤ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ተጫኑ። የተሸነፈ ሰው እንዲህ አይስቅም፣ የሚል ነገር በአዜብ ልብ ውል አለ። ነገር ግን ሞረዳ በንዴት ከንፈሩን ሲነክስ አየችውና ያንን ሐሳብ ተወችው።

ጣሳው በሚቀጥለው የሥራ ቀን መጣ። የወጣላት ትቀራለች፤ ጣሳው ውስጥ የቀረች ትወጣለች ተባለ። ሌላው መንገድ፣ የመባረርን እጣ በእጅ ማውጣት፣ ለማናቸውም አልተዋጠላቸውም ነበር። አዜብ አማተበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እጇን ሰደደች።

መጀመሪያ ላይ እንደ እቁቡ ነበር። ቆርኪ ወጣ፤ ሞረዳ ምልክቱን አይቶ ስም ጠራ፤ የተጠራችው ጮኸች፤ ጓደኞቿ አቀፏት። እልልታው ግን እየሳሳ ሄደ። የቀረው ቦታ ሲያንስ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ያዙ። አንዷ ከኋላ በኦሮምኛ ትጸልያለች። ሶረቲ ሆዷን ይዛ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አልተጠራችም። ድርቤም አልተጠራችም። አዜብም ገና ናት።

«አንድ ቀረ፣» አለ ሞረዳ።

አዜብ እጇን አስገባች። ገና ጣቶቿ ሲገቡ አንድ ቆርኪ እንደ ሰው መጥቶ መዳፏ ላይ ተቀመጠ። ጠርዙ የታጠፈ ነበር።

እቁቡ ሲጀመር፣ ሌሎቹ በምስማር ሲጭሩ፣ ሶረቲ ምስማር እስኪደርሳት አልጠበቀችም። ቆርኪዋን በጥርሷ ነክሳ ጠርዙን አጠፈችውና «ይሄን ከላይ ካለው ዋቃ በቀር ማንም አይወስድብኝም» ብላ ሁሉንም አሥቃ ነበር። አዜብ በየእቁቡ ያንን ጠርዝ በጣቷ ታገኘዋለች። ቀድሞ ከነካችው ታወጣዋለች፤ ቀድሞ ሌላ ከነካች ሌላውን ታወጣለች። የዳኝነቷ ክብር እዚያ ላይ ነበር፤ ጣቷ ያውቃል፣ ግን አይመርጥም።

አሁን ቀድሞ የመጣው እሱ ነው። ማውጣት ብቻ ነበረባት።

ልጇን አየች። ግድግዳው ላይ አየቻት ቢባል ይሻላል፤ ሻንጣ ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልቧ አላዘዘም፤ ወይም እንደዚያ ብላ ራሷን ለማሳመን ቆይታ ብዙ ሞክራለች። ጣቶቿ ተላቀቁ። ቆርኪው ተመልሶ ጣሳው ውስጥ ወድቆ ኳ አለ።

«ምን ወደቀ?» አለች ድርቤ።

«አመለጠኝ።»

«ወጣ ከተባለ ወጣ ነው እኮ! የቱ ነበር?»

«አላየሁትማ! ፊቴን አዙሬ!» ብላ ጮኸች አዜብ፣ ራሷን እስኪያስደነግጣት። እጇ ግን ከታች እየዳሰሰ ነበር። ብረት በብረት ላይ ተንኳኳ። ከዚያ በምስማር የተጫረውን የራሷን መስቀል በአመልካች ጣቷ አገኘችው።

ሞረዳ ቆርኪውን ተቀብሎ ገለበጠውና ለረጅም ጊዜ አየው። «አዜብ፣» አለ በመጨረሻ፣ ስሟ እንደ መረረው።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። ሶረቲ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች፣ መጥታ አቀፈቻት፤ ሆዷ በሁለቱ መሀል ጠንከር ብሎ አዜብን ገፋት። «ደረሰሽ አዴ አዜብ። ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን፣ ናዝራዊት ትማራለች» አለች። 

ጣሳው ውስጥ የቀሩት ሴቶች ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዱ። ድርቤ አዜብን ከቤቷ ጎትታ ወሰደቻት። «አንቺ ሰው ነሽ፣ ቀርተሻል ብለሽ እንዳትተይን። አማርኛውም ኦሮምኛውም ካንቺ ጋር ነው» አለቻት። ጣሳውንም እንድትይዝ ነገረቻት፤ የሚወጡት ከእቁቡም ስለሚወጡ ቆርኪያቸውን ሊወስዱ ነው።

ጂሩ የሚባለው ባለሙያ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ማን ጠየቀ?»

«እኛው፣» አለች ድርቤ።

«ለምን?»

«ካቦው እንዳያዳላ ነዋ!»

ጂሩ እጁን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። «እናቶች፣ ካቦው ማዳላት አይችልም ነበር» አለ። «ቅነሳ ሕግ አለው። ሥራቸው እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ትናንት የገባው ነው። ረጅም ያገለገለ ይቀራል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ይታይለታል። ነፍሰ ጡር…» ሶረቲን አየና ዓይኑን ሰበረ። «ነፍሰ ጡር የመጨረሻ ናት። አንቺን ሳይነኩ ሌላውን ሁሉ መጨረስ ነበረባቸው።»

«እኔስ?» አለች አዜብ።  «እኔ መጋዘኑ ሲከፈት ጀምሮ ነበርኩ። ባል የለኝም፤ ልጅ አለኝ።»

«አንቺማ ምን ጥያቄ አለው? ማን ይነካሽ ነበር? ሁለታችሁም ትቀሩ ነበር።»

«እና አሁን?»

«አሁን በራሳችን ፈቃድ ብላችሁ ፈርማችኋል። ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ እኔም ደብዳቤ እጽፋለሁ። እነሱ ግን ጠበቃ አላቸው፤ ነገሩ ይጓተታል።» ከዚያ ወደ ሶረቲ ዞሮ «መቼ ነው የምትወልጂው?» አለ፤ እንደጠየቀም የተጸጸተ መሰለ።

ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ጣሳው እየቀረቡ ቆርኪያቸውን ለቅመው ሄዱ። ድርቤ የራሷን ፈልጋ አገኘችና ወደ መንገዱ ወረወረችው። «ሞረዳን ስንፈራ ራሳችንን በራሳችን ቀነስን» አለች። «ያ ጫማው የሚያበራ ሰውዬ አሁን ምን ያህል ይስቅብን ይሆን?» እየተሳደበች ወረደች።

በመጨረሻ ሶረቲ ብቻዋን ቀረች። ጣሳው ውስጥም የቀረው አንድ ነበር። እጇን ከታ አወጣችው፤ የታጠፈውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። አዜብ ጣሳውን በሁለት እጇ እንደያዘች ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ጠፋት።

ሶረቲ ቆርኪውን በጣሳው አፍ ላይ አንጠልጥላ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው።

ኳ አለ።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ የእጣው ቀን የሰማችው ያው ነበር፤ ድምፁ ካለቀ በኋላም አዳመጠች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ጥቁር ፍሬ ከክምር ውስጥ ስታይ እንደምታየው ነበር ያየቻት።

«ሶረቲ፣ ልጄ…» አለች አዜብ።

«ልጅ አለሽ፣» አለች ሶረቲ። እንደገና ቆርኪውን አወጣች፤ ከእጇ አምልጦ ደረጃው ላይ ተንከባለለ። አዜብ ልታነሳላት ጎንበስ አለች።

«ተይው። እኔ አነሣዋለሁ።»

አንድ እጇን ሆዷ ሥር፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ በጭንቅ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና «ነጋቲ» ብላ ተሰናብታት ወደ ገበያው በኩል ሄደች።

ማሽኗ ሥራ ስትጀምር ሃያዎቹ ሴቶች ማሽኗ ከተፋችው ውስጥ ደህናውን እንደገና እንዲለቅሙ ተመደቡ። ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ የአዜብ ፊት ለፊት ሌላ ሴት መጣች፤ ዓይኗን ከራሷ ክምር የማታነሳ። እስከ ምሳ ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲያዘነብል ጥቁሩና ቡናማው ተደባለቁባት። እጇ ፍሬውን ይገፋል፣ ያልፋል፣ ይገፋል። ከጠረጴዛው ማዶ የሚዘረጋ እጅ አልነበረም።

ሞረዳ ቡናዋን ሚዛኑ ላይ ዘርግቶ በጣቱ በተነው። አንድ ጥቁር አነሣ፤ ሌላ አነሣ፤ ሌላ። ጣቱ መሀል አድርጎ ወደ ብርሃኑ አሳያት።

«ይሄ ሁሉ የት ነበር እስከ ዛሬ፣ አዜብ?» አለ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እያለ። «ዓይንሽ ነው?»

በስተኋላው ማሽኗ ጥቁሩን እየመታች ትተፋ ነበር፤ አንዱም አያመልጣትም።